ሲስተር ጂንሲ ብቻዋን እንዳትሆን

ሜይ 22፣ ሐሙስ

የጎረቤቴ የሳንፋ እግር ዛሬ ሻል ብሎታል። የቁስሉ ዙሪያ ገና ቀይ ነው፣ ሽታው ግን ጠፍቷል። ስኳሯ አልወርድ ብሏል። «ጣፋጭ የሚባል ነገር በአፌ አልዞረም» ትላለች፤ ትናንት በአጥር በኩል ሳያት ጉንጯ በኮኮናት ከረሜላ ተወጥሮ ነበር። ልጇ ከዋና ከተማው ከማሌ ደውሎ ሚስቱ መንታ ማርገዟን ነግሯታል። «ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?» አለችኝ። «እነሱ ራሳቸው በአንድ ክፍል በተራ ነው የሚተኙት፤ መንታዎቹን ጣራው ላይ ሊሰቅሏቸው ነው?» የልብ የልቧን ስታወራኝ ግን ያሳሰባት ቁስሏን ማን እንደሚያጥብላት ነው። የበፊቷ ነርስ ከሄደች ወዲህ የማጥብላት እኔ ነኝ። የእኔ እጅ ደግሞ መጥረጊያና ድስት እንጂ ቁስል አይሆንለትም።

አላህ ይመስገን አዲሷ ነርስ ዛሬ ገባች። ከህንድ፣ ከኬረላ ነው የመጣችው። ባሕሩ ሲያንገላታት ስለዋለ ፊቷ እንደ ጥሬ ሙዝ አረንጓዴ ሆኖ ነው ከጀልባ የወረደችው። ሻንጣዋን ለሰው ሰጥታ፣ ክዳኑ የሚቆለፍ አንድ የብረት ድስት ብቻ እንደ ሕፃን አቅፋለች። ስሟ ጂንሲ ነው። ዴልሂ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ስለሠራች ሂንዲ ትችላለች። እኔም እንደ ሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ሂንዲን ከፊልም ተምሬያለሁ፤ የፍቅርና የስድብ ቃል አይጠፋኝም፣ «ማንኪያ» ማለት ግን አቅቶኝ በእጄ አሳየኋት። ሳቀች። ጥሩ ምልክት ነው።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ናዚም ራቁቱን በግቢዬ ሲሮጥ ያደገ ልጅ ነው። ዛሬ ክራባት አስሮ ቢሮው አስጠራኝ። «ዙሌካ ዳታ፣ መጥረጉና ማብሰሉ እንዳለ ሆኖ ይቺን ሴት ላንቺ ሰጥቻለሁ። አገሩን አለማምጃት። የሦስት ወር ሙከራዋን ጨርሳ ከፈረመች ቆየችልን ማለት ነው። እንደ በፊቶቹ ከሄደች ግን ማዋለጃ ክፍሉ ይዘጋል ተብያለሁ።»

ከተዘጋ በዚህ የነፋስ ወቅት ነፍሰ ጡር ሁሉ ሆዷን ይዛ ግማሽ ቀን በጀልባ ወደ ትልቁ ደሴት ሆስፒታል መሄዷ ነው።

የበፊቶቹ ለምን እንደሄዱ ናዚም አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። ብቸኝነት ነው። የመጀመሪያዋ ግድግዳ እያየች ነበር የምትበላው። ሁለተኛዋን እኛው አፍረን ሳንጠጋት ሄደች። ይቺ እንደነሱ አትሆንም።

ልጄ ሺዩማ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እግሯ አላበጠም፣ ጤነኛ ናት። ይሄን እንዲያው ነው የጻፍኩት፤ ከነርሷ ጋር የሚያያዝ ነገር የለውም።

ሜይ 24፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ፣ ዓሣው እሳት ላይ ነው። ለሴቶቹ ነግሬአለሁ። ጂንሲ ብቻዋን እንዳትውል ተራ አውጥተናል። ጠዋት የባሌ እህት ፋጡን፣ ከሰዓት የሙአዚኑ ሚስትና እህቶቿ፣ ማታ እኔ። መሃል ላይ ክፍተት ካለ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ጎራ ይበል ብያለሁ።

ሜይ 27፣ ማክሰኞ

ሁሉም ነገር በደንብ እየሄደ ነው። ጂንሲ ጠዋት ከሌሊት ተራዋ ስትመለስ ፋጡን ሻይ ይዛ ግቢው ውስጥ ትጠብቃት ነበር። የፋጡን ወሬ መቼም አያልቅም፤ እስከ እኩለ ቀን አጫወተቻት። ከዚያ የሙአዚኑ ሚስት ከእህቶቿ ጋር ዓሣና ቂጣ ይዛ ደረሰች። ባልሽ የት ነው፣ ለምን አንድ ልጅ ብቻ፣ ደመወዝሽ ስንት ነው፣ ፀጉርሽን ምን ትቀቢዋለሽ? ሁሉንም ጠየቋት፣ ሁሉንም መለሰች። ባሏ ኩዌት ነው የሚሠራው። ኤቢን የሚባለው የስድስት ዓመት ልጇ ከእናቷ ጋር ነው።

አንድ ጊዜ በተቀመጠችበት ዓይኗ ክድን አለ። የሙአዚኑ ሚስት ትከሻዋን ነቅንቃ ቀሰቀሰቻት። «በቀን የሚተኛ እንግዳ ሐዘን ይጫጫነዋል» አለች። ልክ ናት።

ማታ በተራዬ ሄድኩ። «ሁሉም ዳታ የሚልዎት ስምዎ ስለሆነ ነው?» አለችኝ።

«ኧረ ታላቅ እህት ማለት ነው። አንቺም በዪኝ።»

«እሺ፣ ዳታ» አለች እያዛጋች። ደክሟታል። አዲስ ሥራ ነው፣ ይለመዳል።

ጁን 1፣ እሑድ

ዛሬ ማታ እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር! ከመግሪብ ሶላት በኋላ የጂንሲ ልጅ ይደውላል፤ በስልኩ ላይ ፊቱ ይታያል። የፊት ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ ምላሱ ብቅ ይላል። ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ፋጡን ስልኩን ተቀብላ ዘፈነችለት። የሙአዚኑ ሚስት «እኔም ልየው» አለች። እህቶቿም አዩት። እኔ ደግሞ የሺዩማን ሆድ አሳየሁትና «እዚህ ውስጥ ጓደኛህ አለ» አልኩት፣ በሂንዲ ነው፣ ይግባው አይግባው እንጃ። ስልኩ ከእጅ እጅ ዞሮ ጂንሲ ጋ ሲደርስ ልጁ አያቱ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ትንሽ አየችውና አጠፋችው።

«የሚያምር ልጅ ነው» አልናት።

«አዎ» አለች።

የበፊቶቹ ነርሶች እንዲህ ያለ ማታ አላገኙም።

ጁን 5፣ ሐሙስ

ዝናብ። ጀልባ የለም። ሽንኩርት ከደሴቱ ጠፍቷል። ጂንሲ ጋ ዛሬ ስድስት የታችኛው ሰፈር ሴቶች ሄደዋል፤ ዝናቡ ስላላስወጣቸው እዚያው ዋሉ። ጥሩ ነው።

ጁን 9፣ ሰኞ

ጂንሲ ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ፣ ወለል ስወለውል አስቆመችኝ። ዙሪያዋን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዳታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ። እዚህ ሰው ሁሉ ‹የት ትሄጃለሽ?› የሚለኝ ለምንድን ነው? ናዚም ጠብቋት ብሎ ነው?»

መወልወያውን ጥዬ ሳቅሁ። «ሰላምታ እኮ ነው! እኛ ሌላ ሰላምታ አናውቅም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልመልስ?»

«‹ወዲያ› በያቸው።»

«ወዴት?»

«ማን ግድ ብሎት! ‹ወዲያ› በያቸው፣ በቃ።»

ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። ከዚያ ደግሞ «የሚያመሰግነኝ ሰው የለም። ሕፃን አድኜ እንኳ እናትየው አንስታው ወጣች። ሥራዬን አልወደዱትም?» አለች። ምስጋና ለእንግዳ ነው የሚሰጠው አልኳት፤ ዘመድን ማን ያመሰግናል? በነጋታው የዓሣ መረቅ አልላከችልሽም? «ልካለች» አለች። «በቃ፣ ያ ነው» አልኩ። እዚህ ደግሞ ዶክተሩ ወደ ሌሎቹ ደሴቶች ዞር ሲል ብቻዋን መወሰን አለባት፤ ዴልሂ ሁልጊዜ የሚጠየቅ አለቃ ነበራት። ያም ያስፈራታል። ዶክተሩ ቢኖድ ኔፓላዊ ነው፤ ‹እኔም በመጀመሪያው ዓመት በየሌሊቱ ወደ ሌላ ሐኪም እደውል ነበር፣ አንቺም ደውይልኝ› ብሏታል። እሱስ ደግ ሰው ነው።

እኔ ብዙ ነገር ያስረዳኋት መሰለኝ። ለምዳለች።

ጁን 13፣ ዓርብ

ጂንሲ በሯ ላይ ቁልፍ አስገጠመች። ከሱቅ ራሷ ገዝታ። በእኛ ሰፈር በቀን በር የሚዘጋ ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሴቶቹ ደነገጡ። «ጂኒ ፈርታ ነው» አለች የሙአዚኑ ሚስት። የግቢው ጥግ ላይ ጂኒ ያድርበታል የሚባለው ትልቅ የዳቦ ፍሬ ዛፍ አለ፤ ሌሊት ሲንቋቋ እኔንም ያስፈራኛል። ምስኪን፣ ለሰው መናገር አፍራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የፋጡን ሁለት ሴት ልጆች እሷ ጋ ያድራሉ። ስነግራት ቁልፉን በእጇ ገለባበጠችው።

ጁን 17፣ ማክሰኞ

ፋጡን ያየችውን ነገረችኝ። ጂንሲ በእረፍት ቀኗ ነጭ የሥራ ልብሷን ለብሳ ከመብራት ኃይሉ ቤት ጀርባ፣ ጄኔሬተሩ በሚጮኽበት፣ ባሕሩን እያየች ቁጭ ብላለች። ሰው የሚባል በማያልፍበት! ሆዴ ባባ። «ታዲያ ጥለሻት መጣሽ?» ብዬ ጮህኩባት። «ኧረ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ እንጂ» አለች ፋጡን። «ጄኔሬተሩ ስለሚጮኽ ጆሮዋ ላይ እየጮህኩ አወራኋት።»

አላህ ይስጣት። ፋጡን አፏ እንጂ ልቧ ንጹሕ ነው።

ናዚም ደግሞ ደስ ብሎታል። ጂንሲ ተጨማሪ የሌሊት ተራ ስጡኝ ብላ ለምናዋለች። «እንዲህ ሥራ የምትወድ አይቼ አላውቅም» አለኝ። እኔም ኮራሁ።

የሺዩማ ሕፃን ጭንቅላቱን ወደ ታች ማዞር ጀምሯል። ጂንሲ ናት በእጇ ዳብሳ የነገረችን። እጇ እንዴት ቀዝቃዛ ነው።

ጁን 23፣ ሰኞ

ሳንፋ የነገረችኝን በአንደበቷ ልጻፈው።

«ጠዋት የኢንሱሊን መርፌዬን ልትወጋኝ ሞላች። ከዚያ ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። አስቀመጠችው። ደግሞ አነሳችው። ድፍት አደረገችውና እንደ አዲስ በትንሹ ሞልታ ወጋችኝ። ወዲያው ሄዳ ለዶክተሩና ለናዚም ራሷ ተናገረች! ‹እጥፍ ሞልቼ ነበር፣ ሳልሰጥ ደረስኩበት› ብላ። እኔና ግድግዳው ላይ ካለችው እንሽላሊት በቀር ያየ አልነበረም እኮ! አንቺ ዙሌካ፣ እኔ ብሆን ትንፍሽ አልልም።»

እዚያ በሠራችበት ቦታ እንዲህ ነው የሚደረገው አሉ፤ ሳይደርስ የቀረውንም መናገር።

ጁን 25፣ ረቡዕ

ሱቅ ውስጥ የታችኛው ሰፈር ሴቶች «ሳንፋን ልትገድላት ነበር» ሲሉ ሰማሁ። እኔን ሲያዩ ስለ ሽንኩርት ማውራት ጀመሩ። ያው እነሱው ናቸው ዝናብ ያስቀራቸው ጊዜ እሷ ጋ የዋሉት።

ሳንፋ ግን በክራንቿ እያነከሰች ጤና ጣቢያ ሄዳ በሰው ሁሉ ፊት እጅጌዋን ሰበሰበች። «ጂንሲ ካልወጋችኝ ማንም አይነካኝም» አለች። ይሄን ሌላ ሰው ነው የነገረኝ።

ማታ ናዚም ቤት ድረስ መጣ። ክራባት የለም። ጂንሲ ዝውውር ጠይቃለች። ትልቁ ደሴት ሆስፒታል። ተፈቅዷል፣ ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ። ሐሳቧን ከለወጠች ከዚያ በፊት ታሳውቅ ተብሏል። «ምክንያት ብዬ ብጠይቃት ‹ደክሞኛል› ብቻ ነው ያለችኝ። ዳታ፣ ምን አጎደልንባት?»

ምን እንዳጎደልኩ አላውቅም። ምግብ አላጎደልኩም። ሰው አላጎደልኩም። ምናልባት ከዓርብ ጸሎት በኋላ ያሉት ሰዓቶች ባዶ ነበሩ። እነሱን አልሸፈንኳቸውም።

ሺዩማ በጁላይ መጨረሻ ሳምንት ነው የምትደርሰው። ወይ ጂንሲ ሳትሄድ ትወልዳለች ወይ አትወልድም። አላስብም ስለሱ።

ጁን 26፣ ሐሙስ

ለሺዩማ ተናገርኩ። እግሯን ዘርግታ የፓፓያ ቁራሽ እየበላች ነበር። ሁሉንም ዘረዘርኩላት፤ ተራውን፣ የፋጡንን ልጆች፣ ጄኔሬተሩን። «እንግዲህ ምን ቀረኝ?» አልኳት።

ፓፓያውን አስቀመጠች። «እማ፣ ያቺ ልጅ ብቻዋን የሆነችው መቼ ነው?»

«አንድም ቀን!» አልኩ አፌን ሞልቼ።

ስለ ማሌ አወራችኝ። ሁለት ዓመት ሱቅ ስትሠራ ከባሏ ዘመዶች ጋር ዘጠኝ ሆነው ነበር የሚኖሩት። «መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ እቀመጥ ነበር» አለች። «ለመታጠብ አይደለም። ውሃው ሲወርድ ማንም አይጠራኝም። እዚያ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም አላደርግም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ አክስቴ ፋጡንን ትልኪብኝ ነበር።»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ብቻውን መሆን የሚፈልግ ሰው ማን ነው? የታመመ፣ ያኮረፈ። እኔ በሕይወቴ ብቻዬን የሆንኩበትን ቀን አላስታውስም፣ ምንም አልጎደለብኝም። እንዲህ ብዬ ተከራከርኳት። እሷም ፓፓያዋን አንስታ «እሺ እማ» አለች፣ ሕፃን እያለች ነገሩ እንዳልገባኝ ስታውቅ እንደምትለው።

አሁን ግን ያ ስልክ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ልጁ አያቱ ጭን ላይ ተኝቶ። የሺዩማን ሆድ ያሳየሁት እኔ ነኝ። መጨረሻ ላይ ያዘገየሁት እኔ ነኝ።

ጁን 27፣ ዓርብ

ጠዋት የኮኮናት ቃጫዬንና የማኝከው ፉፋል ያለበትን ሳህን ይዤ ጂንሲ ቤት ሄድኩ። የገመድ ወንበሩን ከግቢው ውስጥ አውጥቼ ከበሩ ውጪ፣ መንገዱ ዳር አደረግሁት። ተቀምጬ ገመድ መፍተል ጀመርኩ። ጂንሲ ከሌሊት ተራ መጣች። ስታየኝ ፊቷ ወደቀ፤ አየሁት፣ እስከዛሬ ለምን አላየሁትም?

«ግቢ» አልኳት። «ተኚ። እኔ አልገባም። ማንም አይገባም።»

አልገባትም። ደገምኩላት። የፊልም ሂንዲዬ «ተኚ» የሚለውን ለፍቅረኛ በሚባልበት ዓይነት ነው የሚያውቀው፣ ቢሆንም ተናገርኩ። ገባች። የቁልፉ ድምፅ ተሰማ።

ከዚያ ፋጡን ሻይዋን ይዛ ከች።

«የት ትሄጃለሽ?» አልኳት።

«እንዴ! ወደሷ ነዋ።»

«እዚህ ተቀመጪ።»

«ተጣላሽን? በር ጠባቂ ሆንሽ? ደመወዝ ጨመሩልሽ እንዴ?»

«ሻዩን ለእኔ አምጪው፣ ወሬውንም ለእኔ። ቀስ ብለሽ ግን።»

ፋጡን ቀስ ብሎ ማውራት አትችልም፤ እንደታነቀች ነው የሆነችው። ቢሆንም ተቀመጠች። የሙአዚኑ ሚስት ስትመጣ ድስቷን ተቀብዬ ከወንበሩ ሥር አኖርኩ። «እንግዳ ከበር የሚመለስበት አገር ሆንን?» አለች፤ ቃሏ ዘልቆ ተሰማኝ፣ እውነት ነውና። «አልተመለስሽም፣ ተቀምጠሻል» አልኳት። የምቀመጥበት አሸዋ ነው ብላ አኮረፈች። ቆይታ ተቀመጠች። ሌሎቹም መጡ። እስከ ከሰዓት በአጥሩ ጥላ ሥር ተሰልፈን እንደ ሌባ ስናንሾካሹክ ዋልን። በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ ማን ሞተ ብሎ ይጠይቃል።

ጂንሲ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሩን ከፈተች። ትራሱ ጉንጯ ላይ መስመር ሠርቷል። ሁላችንንም ተራ በተራ አየችን። መልሳ ዘጋችው። ፋጡን «እኔ ላይ ነው የዘጋችው?» አለች። «አንቺ ላይ ነው» አለቻት የሙአዚኑ ሚስት፣ በጣም ደስ ብሏት።

ጁን 30፣ ሰኞ

የፋጡን ልጆች ቤታቸው ማደር ጀምረዋል። ናዚምን ቢሮው ሄጄ የሌሊት ተራዋን እንዲቀንስላት ነገርኩት። «ራሷ ናት የለመነችው፣ ሥራ ስለምትወድ» አለኝ።

«ለሥራው አይደለም።»

«ታዲያ?»

«ሌሊት ጤና ጣቢያው ውስጥ ሰው ስለሌለ ነው። መቀመጫ ቦታ ፈልጋ ነው።»

ናዚም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔም ቁጣ ጠብቄ ነበር የሄድኩት። ሳይቆጣኝ ሲቀር ይበልጥ ከበደኝ።

ጁላይ 4፣ ዓርብ

ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ያለውን ሰዓት ራሴ ጠበቅሁ። ከበሩ ውጪ ሆኜ ድምጿ ይሰማኛል፤ በቋንቋቸው ነው፣ አይገባኝም። ትናገራለች፣ ልጁ ይስቃል፣ ትዘፍንለታለች፣ ደግሞ ትቆጣዋለች። ቆይታ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ። የመግባት አመል አለብኝ፤ እግሬ ሁለት ጊዜ ተነሳ። ገመዴን ይዤ ተቀመጥኩ። ከመቀመጥ የሚከብድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ሻንጣዋ ግን ተዘግቶ አልጋው አጠገብ ቆሟል። ሳህን ልመልስ ስገባ አየሁት።

ጁላይ 11፣ ዓርብ

ነፋሱ ዛፍ ይነቅላል። ጀልባ የለም። የሺዩማ እግር አብጧል። ጂንሲ በየቀኑ ግፊቷን ትለካለች። «እስካሁን ደህና ነው» ትላለች። «እስካሁን» የሚለውን ቃል አልወደድኩትም።

ዝውውሩን አልጠየቅኋትም። አልጠይቃትም። በሯ ላይ ተቀምጬ ደግሞ ቆዪልኝ ካልኳት መቀመጤ ምን ሊሆን ነው?

ጁላይ 16፣ ረቡዕ

የሳንፋ ቁስል ተዘግቷል። «አዲስ ቆዳ አወጣሁ፣ ባል ፈልጉልኝ» ትላለች።

ጂንሲ ዛሬ በመንገድ ስታልፍ የሙአዚኑ ሚስት «የት ትሄጃለሽ?» አለቻት። «ወዲያ» አለች ጂንሲ፣ በራሳችን ቋንቋ፣ ቀና ሳትል። የሙአዚኑ ሚስት «እንደኛው ሆነች» ብላ ለሁሉም አወራች።

ጁላይ 21፣ ሰኞ

ሺዩማን ምጥ ይዟታል። ጤና ጣቢያ ነን። ሻርፕ ረስቼ ልወስድ ተመልሼ ነው የምጽፈው። ባሏ ከሚሠራበት መዝናኛ ደሴት መውጣት አልቻለም፣ ባሕሩ። ልሂድ።

ጁላይ 22፣ ማክሰኞ

ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው። አልሐምዱሊላህ። አሁን ትንሽ ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

እንደ ወጉ ሰው ሁሉ መጥቶ ነበር። ኮሪደሩ ሞልቶ እስከ ግቢው ደርሷል። ፋጡን ታወራለች፣ የሙአዚኑ ሚስት ቁርኣን ትቀራለች፣ አንዷ ዘይት ይዛለች፣ አንዷ ማር፣ ሁሉም ወደ ማዋለጃው ይገፋል። በእኛ ዘንድ ምጥ ላይ ያለች ሴት ክፍል ውስጥ ያልገባ ዘመድ ዘመድ አይደለም። ጂንሲ በሩን ከፍታ ወጣች። ጓንቷን አድርጋለች። እንዲህ ቀጥ ብላ ቆማ አይቻት አላውቅም።

«አንድ ሰው» አለች። «ሺዩማ የምትመርጠው። የቀራችሁት ውጡ።»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። እኔም ሻርፔን አስተካከልኩ። ጂንሲ ገብታ ጠየቀቻት። በበሩ ክፍተት የልጄን ድምፅ ሰማሁት።

«ማንም አይግባ። አንቺው ብቻ።»

በሩ ተዘጋ።

ፋጡን ክንዴን ያዘችኝ፤ የምትናገረው ጠፋባት፣ እሷም በሕይወቷ አንድ ጊዜ። ምን እንደተሰማኝ መጻፍ አልፈልግም። ከዚያ ዞርኩና «ሰምታችኋል፣ ወደ ውጪ» አልኳቸው። ወጣን። ደረጃው ላይ፣ ዝናቡ በሚያካፋበት፣ ተቀመጥን። ማውራት ሲጀምሩ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደርጋለሁ፣ ይተዋሉ። ለምደውታል። አንድ ጊዜ ግን ከውስጥ የሺዩማ ጩኸት መጣ፣ ከዚያ የጂንሲ ድምፅ ዝግ ብሎ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ያ ዝምታ ነው የገደለኝ። ዶክተሩ እየሮጠ ገባ። ለምን እንደሮጠ ማንም አልነገረኝም። በኋላ ነው እትብቱ የሕፃኗ አንገት ላይ ተጠምጥሞ እንደነበር የሰማሁት፣ ዶክተሩ ሲደርስ ጂንሲ ፈትታው እንደነበር።

ይሄ ጀልባ ላይ ቢሆን ኖሮ። በቃ፣ አልጨርሰውም።

ሕፃኗ አለቀሰች። የሙአዚኑ ሚስት ከሁላችን ቀድማ አለቀሰች።

ጁላይ 27፣ እሑድ

ዛሬ ቤቴ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። ሳንፋ ያለ ክራንች መጥታ ሕፃኗን አየቻትና «አፍንጫዋ የዙሌካ ነው፣ ይሻሻል ይሆናል» አለች። ፋጡን ሦስት ጊዜ መጣች፤ በሦስተኛው «ምንም አልናገርም፣ ልያት ብቻ» አለችና አንድ ሰዓት ተናገረች። የሙአዚኑ ሚስት ማር አመጣች። ናዚም መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ሻይ አልፈለገም። «ጂንሲ ዛሬ መልስ መስጠት አለባት» አለኝና ሄደ።

ወደ ማታ ጂንሲ መጣች። ማንም አልጠራትም፣ ማንም አላመጣትም። የቤት ቀሚሷን ለብሳ ነበር። ሺዩማን አየች፣ የሕፃኗን እትብት አየች፣ ከዚያ ለመሄድ አልቸኮለችም፤ ወጥ ቤቱ በር ላይ እኔ አጠገብ ቁጭ አለች። ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቢላ አነሳችና አብራኝ መላጥ ጀመረች።

«ዳታ» አለች። «ሺዩማ ወልዳለች። ነገም በሬ ላይ ይቀመጣሉ?»

«እቀመጣለሁ።»

«የተቀመጡት ለሷ ብለው አልነበረም?»

አይደለም አልኩ። ከዚያ ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ «መጀመሪያ ነበር» አልኳት። ሽንኩርቱን አየች፣ እኔን አላየችም። ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ፣ ወይም ሽንኩርቱ ነው።

«ናዚም ስለ ዝውውሩ ጠይቆኛል» አለች።

ቢላዬ ቆመ። «ምን አልሽው?»

«ከእንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ እረፍቴ ነው፤ በሐሙስ ማንም እንዳይመጣብኝ ለሴቶቹ ንገርልኝ አልኩት። እሱ ደግሞ ‹ይሄን ዙሌካ ዳታ ናት የምትነግራቸው› አለኝ።»

«ፋጡንም?»

ጂንሲ አሰበች። «ፋጡን ከሰዓት በኋላ ትምጣ» አለች። «ብቻዋን ግን።»